ጎንደር ላይ ላፕቶፕ መቀየር፦ አዲስ፣ ያገለገለ ወይስ የድሮውን ማስጠገን?

ላፕቶፔ የሞተው ማክሰኞ ማታ ነው። መብራት ሄደ፤ መጣ። ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ መጣ። በመጨረሻው ላይ የቻርጀሯ ትንሽ መብራት ጠፋች፤ ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ አልተነሳም። በማግስቱ ፒያሳ ወደማውቀው ጠጋኝ ወሰድኩት። ከፈተው፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተው። «ጋሼ፣ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» አለኝ። ሽታው እኔንም ሸቶኝ ስለነበር አልተከራከርኩም።

እኛ ቤት አንድ ላፕቶፕ ለሦስት ሰው ነው። ቀን እኔ የሁለት ሱቅና የአንድ እንግዳ ማረፊያ ሂሳብ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም እሠራበታለሁ። ማታ ባለቤቴ ትረከበኛለች፤ ማስተርሷን እየተማረች ስለሆነ ከኤስፒኤስኤስ (የጥናት መረጃ መተንተኛ ፕሮግራም ነው) እና ከወርድ አትላቀቅም። ቅዳሜና እሁድ የስምንተኛ ክፍሏ ልጃችን ተራ ነው። «ላጠና ነው» ትላለች፤ ከክፍሏ የሚሰማው ግን ዩቲዩብ ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠየቅሁ፣ ዞርኩ፣ የቴሌግራም ቻናል አገላበጥኩ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ «ስንት ብር ይዘሃል?» ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ እኔ ዘንድ ግን ሁለተኛ ሆነ። የመጀመሪያው ይሄ ነው፦ ዕቃው ጎንደር ላይ ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል? ባትሪው፣ ኪቦርዱ፣ ራሙ (የተከፈቱ ፕሮግራሞችን የሚይዘው ጊዜያዊ ማከማቻ) እዚሁ ይገኛል ወይስ አዲስ አበባ ይላክልኝ ተብሎ ይለመናል? አማራጮቹን የመዘንኩት በዚህ ነው።

ዋጋ አልጽፍም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ባለፈው ወር የሰማሁት ዋጋ ለዚህ ወር አልሠራ ብሎኛል። የሚወዳደረው የአንድ ቀን ዋጋ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት መድቡና ሦስት ሱቅ በአንድ ዙር ጠይቁ።

የድሮውን ቶሎ አትሸኙት

ብዙ ሰው «ላፕቶፔ አርጅቷል» ሲል ያረጀው ሃርድ ዲስኩ ነው። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ያነብባል። ተራ የሚባለው ኤስኤስዲ ከ500 በላይ ያነብባል። ያም ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ከዚህም ከዚያም ይለቅማል፤ ሃርድ ዲስኩ ለእያንዳንዱ ፋይል ወዲያና ወዲህ መመላለስ አለበት። ላፕቶፑን ከፍታችሁ ቡና አፍልታችሁ የምትመለሱት ለዚህ ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው አይመላለስም።

ስለዚህ ላፕቶፓችሁ የሚነሳ፣ የሚሠራ፣ ግን የሚንቀራፈፍ ከሆነ ለአዲስ አትቸኩሉ። ኤስኤስዲ አስገቡለት። ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ ወደ 8 አሳድጉት። ባትሪው ብቻ ከደከመ ባትሪ ቀይሩ። የስክሪኑ ማጠፊያ ከተሰበረ ደግሞ ፕላስቲኩን በማጣበቂያ ከማስለጠፍ ሙሉ ክፍሉን መቀየር ይሻላል፤ የተለጠፈው በሁለት ወሩ ይመለሳል። የማዘርቦርድ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ጠጋኙ ያገለገለ ማዘርቦርድ ሊፈልግልኝ ነበር። የጠራው ዋጋ የሌላ ላፕቶፕ ግማሽ ሆነ፤ ያም ማዘርቦርድ ነገ ላለመቃጠሉ ዋስ የለውም። ተውኩት።

ማስጠገንን የሚገድብ አንድ ነገር አለ። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የፈቀደው የአንድ ዓመት ጭማሪም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ላይ ያልቃል። ላፕቶፑ በዚያ ቀን አይቆምም፤ መሥራቱን ይቀጥላል። የሚቆመው የደኅንነት ጥገናው ነው። ፍላሻችሁ በየኮፒ ቤቱ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ በይፋ የሚቀበለው ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። በጎን በኩል የሚጭኑት አሉ፤ ለሥራ ላፕቶፕ ግን እኔ አልመርጠውም። የድሮው ላፕቶፓችሁ 6ኛ ወይም 7ኛ ጀነሬሽን ከሆነ ኤስኤስዲ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ወጪ አታውጡበት።

«አይ ሰቨን ነው» ሲሏችሁ

እኔ ከዓመታት በፊት የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሻጭ «ኮር አይ ሰቨን ነው፣ ከአይ ፋይቭ ይበልጣል» አለኝ። ጨምሬ ገዛሁ። ስንተኛ ጀነሬሽን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ እንዳለብኝም አላውቅም ነበር።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን እዩ። አይ5-6300ዩ ካለ 6ኛ ጀነሬሽን ነው። አይ5-8250ዩ 8ኛ ነው። አይ5-10210ዩ 10ኛ ነው። አይ5-1135ጂ7 ደግሞ 11ኛ ነው፤ በ1 ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን ሁለት አኃዞች አንብቡ። ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈችውን ስቲከር አትመኑ፤ ትነቀላለች፣ ትለጠፋለች። «ዚስ ፒሲ» ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ስትሉ የሚወጣውን እመኑ።

8ኛው ላይ የምጮኸው ለዊንዶውስ 11 ብቻ ብዬ አይደለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው በዚህ ጀነሬሽን የቀጫጭን ላፕቶፖችን ኮር ከ2 ወደ 4 አሳደገ። አይ5-7200ዩ 2 ኮር ነው፤ አይ5-8250ዩ 4 ኮር። 7ኛው አይ7-7600ዩ እንኳ 2 ኮር ብቻ ነው። ኮርን ምድጃ ነው ብላችሁ አስቡት፤ ሁለት ምድጃ ያለው ቤትና አራት ምድጃ ያለው ቤት ለአንድ ድግስ እኩል አይደርሱም። ባለቤቴ ኤስፒኤስኤስ እያስኬደች፣ ክሮም ላይ አሥር ታብ ከፍታ፣ ዙም ሲደወልላት ይሄ ልዩነት ይታያል። የ8ኛው አይ5 የ7ኛውን አይ7 ይቀድመዋል፤ ገበያ ላይ ግን አይ7 የሚለው ስም ብቻውን ዋጋ ያስጨምራል።

መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደልም ልብ በሉ። «ዩ» ባትሪ ይቆጥባል። «ኤች» ጉልበተኛ ነው፤ ይሞቃል፣ ባትሪም ይበላል። ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉ ወይም ጌም የምትጫወቱ ካልሆናችሁ «ዩ» ይበቃችኋል።

ራም 8 ጊጋ መነሻው ነው፤ እንደኛ ቤት ላለ 16 ይመከራል። ፒችትሪ ራሱ ብዙ አይበላም፤ የሚበላው ክሮም ነው። ዛሬ 16 መግዛት ካልቻላችሁ ችግር የለም፤ ነገ የሚጨመርበት ቀዳዳ ያለው ላፕቶፕ ግዙ። ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ዛሬ የገዛችሁት እስከ መጨረሻው ያው ነው።

ርካሹ «ፓክድ»

ካርቶኑ ያልተከፈተ ላፕቶፕ ደስ ይላል። ፕላስቲኩን መላጥ፣ አዲስ ሽታው፣ ማንም ያልነካው ኪቦርድ። ገንዘቡ ካላችሁ፣ ቅርብ ዓመት የወጣ አይ3 ወይም አይ5፣ 8 ጊጋ ራምና 256 ወይም 512 ኤስኤስዲ ያለው አዲስ ላፕቶፕ ግዙ፤ ይህን ጽሑፍም እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ። ራም የሚጨመርበት ቀዳዳ እንዳለው ብቻ ጠይቁ።

የኔ ነገር ከርካሹ ጋር ነው። ዋጋው ከጥሩ ያገለገለ ጋር ሲቀራረብ ውስጡ ብዙ ጊዜ ሴሌሮን ነው። ለምሳሌ ሴሌሮን ኤን4020 የሚባለው 2 ኮር አለው። አብሮት 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ ይመጣል። ኢኤምኤምሲ ማለት ስልክና ሜሞሪ ካርድ ላይ ካለው ዓይነት ማከማቻ ነው፤ ከኤስኤስዲ ይዘገያል። ዊንዶውስ አብዛኛውን ቦታ ይዞት ለእናንተ የቀረውን አንድ ትልቅ አፕዴት ይጨርሰዋል። አብዛኞቹ ላይ ራሙም ማከማቻውም የተበየደ ነው። ጠጋኝ ቢከፍተው የሚጨምርበት ቦታ አያገኝም። ስክሪኑም ብዙ ጊዜ 1366 በ768 ነው፤ ኤክሴል ሲከፈትበት ግማሹ አምድ ከመስኮት ውጭ ይቀራል።

ለሁሉም መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ጎረቤታችን አባባ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የቤተሰባቸውን የዘር ሐረግ በፓወር ግዕዝ፣ በአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም፣ እየጻፉ ነው። ሲያማክሩኝ «አባባ፣ አንቱ የሚያስፈልግዎት ትልቅ ስክሪንና የማያስቸግር ባትሪ ነው፤ አዲስ ይግዙ» አልኳቸው። 15.6 ኢንች፣ አይ3፣ 8 ጊጋ። ልጆቻቸው አዋጥተው ገዙላቸው። ሴሌሮኑ ግን ለእሳቸውም አይሆንም ነበር፤ የልጅ ልጆቻቸው ቪዲዮ በላኩ ቁጥር ሊቆም ነው።

ያገለገለው፣ ግን የመሥሪያ ቤቱ

ያገለገለ ስል ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ለተራ ሸማች የተሠራ ላፕቶፕ አርጅቶ ሲሸጥ ነው። ይህን እለፉት። ሁለተኛው ውጭ አገር ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው ገዝተው፣ ሦስትና አራት ዓመት ተጠቅመው በጅምላ የሚያወጡት ነው። ኤሊትቡክ፣ ላቲቲዩድ፣ ቲንክፓድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብለው ይሸጣሉ። ያቺ «ስላይትሊ» የምትለው ቃል ብዙ ነገር ትሸፍናለች፤ እሱን ኋላ እንመለስበታለን።

እነዚህን የምወዳቸው ለሚዛኔ ስለሚመቹ ነው። ሲሠሩ እንዲጠገኑ ታስበው ነው። ከሥር ብሎኖቹን ፈታችሁ ክዳኑን ስታነሱ ራሙ፣ ኤስኤስዲው፣ ባትሪው፣ ፋኑ ፊት ለፊት ይታያሉ። አንድ ሞዴል በብዛት ስለተመረተ መለዋወጫውም ይዞራል። ሰውነታቸው ጠንካራ ነው፤ በባጃጅ የጎንደርን ኮብልስቶን ቢመላለሱ አይፈርሱም።

8ኛ ጀነሬሽን፣ 14 ኢንች የሆኑ ሦስቱን ጎን ለጎን አየሁ፦ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ዴል ላቲቲዩድ 7490 እና ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480። ሦስቱም ሁለት የራም ቀዳዳ አላቸው። ክብደታቸውም ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ነው። በፍጥነት አትለዩአቸውም። የሚለያዩት ሌላ ላይ ነው።

ቲ480 ልቤን ወስዶት ነበር። ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከኋላ የሚወጣ። የውስጡ 24 ዋት-ሰዓት ነው፤ ዋት-ሰዓት የባትሪ አቅም መለኪያ ነው። የኋላው 24፣ 48 ወይም 72 ይሆናል። የኋላውን ላፕቶፑ ሳይጠፋ ነቅላችሁ ሌላ ትሰካላችሁ፤ በመሃል የውስጡ ይይዘዋል። መብራት ለሚመላለስበት ከተማ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ኪቦርዱም ከሦስቱ አንደኛ ነው። እንከኑ ቻርጅ ላይ ነው። ቻርጅ የሚያደርገው በዩኤስቢ-ሲ ብቻ ነው፤ ቀዳዳዎቹም ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየዱ ናቸው። ልጅ በገመዱ ተደናቅፎ ቀዳዳው ከላላ ነገሩ ይከብዳል። በዚያ ላይ የዚያ ዘመን ቲንክፓዶች የተንደርቦልት (የፈጣኑ ዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ) ሶፍትዌር ችግር ነበረባቸው፤ ሌኖቮ ማስተካከያ አውጥቶለታል። ስትገዙ ማስተካከያው መጫኑን ጠይቁ፤ ሁለቱንም ቀዳዳ ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩ።

840 ጂ5 በክብ ቻርጀርም በዩኤስቢ-ሲም ይሞላል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። አሉሚኒየም ነው፣ ያምራል፣ ስብሰባ ላይ አያሳፍርም። ወጥመዱ ስክሪኑ ነው። አንዳንዶቹ «ሹር ቪው» የሚባል ስክሪን አላቸው፤ ጎን የተቀመጠ ሰው እንዳያይ የሚከልል። ለባንክ ሠራተኛ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ሦስት ሆነን ሶፋ ላይ ፊልም ለምናይ ግን እርግማን ነው፤ መከለያው ጠፍቶም እንኳ ከጎን ሲያዩት ይደበዝዛል። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከግራም ከቀኝም ቆማችሁ እዩት።

ላቲቲዩድ 7490 ዝምተኛው ነው። ሁለት ዓይነት ቻርጅ አለው፣ አይንጫጫም፣ አያምርም። ባትሪው ባለ 60 ዋት-ሰዓት የሆነውን ካገኛችሁ ከ840 ጂ5 በላይ ይቆያል። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ይሄ ለላፕቶፕ ምስጋና ነው።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ

ማክቡክ ኤር ኤም1 (እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣው) ፋን የለውም፣ አይሞቅም፣ ባትሪው ቀን ያውላል። ለሚጽፍ ሰው ግሩም ነው። ራሙም ኤስኤስዲውም የተበየደ ነው። ፒችትሪ ደግሞ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ ለኔ ሥራ ወሬው እዚያው አለቀ። ያገለገለ ማክ ከገዛችሁ የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ማውጣቱን ዓይናችሁ እያየ አረጋግጡ፤ አለበለዚያ የገዛችሁት ትሪ ነው።

ለጥምቀት የሚመጣ ዘመድ ያለው ጎንደሬ ሦስተኛ መንገድ አለው። እዚያው አሜሪካ ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ አስገዝቶ ማስመጣት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው ብላችሁ አትፍሩ። ቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል ካለ ሶኬቱን ብቻ አስማሙት። ችግሩ መመለስ አለመቻሉ ነው፤ የአክስታችሁ ልጅ ለጥር መጥታ ለሚያዝያ አትመለስም። ሞዴሉን፣ ጀነሬሽኑንና ራሙን ጽፋችሁ ላኩላት። «ጥሩ ላፕቶፕ» ካላችኋት የምታመጣው የሚያምረውን ነው።

ዴስክቶፕ ከዩፒኤስ ጋር ለቢሮ ይረክሳል። ዩፒኤሱ ግን ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ እስክታጠፉ ብቻ ነው የሚያቆየው። ላፕቶፕ ዩፒኤሱን ሆዱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ታብሌት ለሂሳብ ሥራ አይሆንም።

ሱቅ ውስጥ አንድ ሰዓት

«ስላይትሊ» የምትለዋን ቃል የምንፈትሸው እዚህ ነው። ከምሳ በኋላ ሂዱ፤ ጠዋት ሻጩ ይቸኩላል። ስልካችሁ ላይ ዳታ ይኑር። ፍላሽና የጆሮ ማዳመጫ ያዙ። አንድ ሰዓት እንደምትቆዩ ቀድማችሁ ንገሩት። «ምን አለበት፣ ተረጋግተህ እይ» ካላችሁ ጥሩ ሰው ነው። «ሌላ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው» ካለ ውጡ።

ከባትሪው ጀምሩ፤ ብዙ የሚዋሸው እዚያ ነው። «ሦስት ሰዓት ይይዛል» የሚለውን ተዉትና ማሽኑን ጠይቁ። ሲኤምዲ (የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) ከፍታችሁ «ፓወርሲኤፍጂ» ብላችሁ ጻፉ፤ ስፔስ፣ ስላሽ፣ ከዚያ «ባትሪሪፖርት»። ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ኢንተር ስትሉ ሪፖርት አዘጋጅቶ የተቀመጠበትን ቦታ ይነግራችኋል። ውስጡ ሁለት ቁጥር ፈልጉ፤ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው አቅም። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ወርድና ኢንተርኔት ላይ እነዚህ ላፕቶፖች በግምት 8 ዋት ይበላሉ። 50 ዋት-ሰዓት ባትሪ ሙሉ ከሆነ ስድስት ሰዓት ገደማ ያቆያል። ወደ 60 በመቶ ከወረደ 30 ዋት-ሰዓት ነው፤ አራት ሰዓትም አይሞላም። ከ70 በመቶ በታች ሲሆን እኔ የአዲስ ባትሪ ዋጋ አስቀንሳለሁ። አንዳንድ ኮፒ ባትሪ ደግሞ ቁጥሩን አሳምሮ ይዋሻል። ስለዚህ ቻርጀሩን ንቀሉና ዩቲዩብ ክፈቱ፤ ሌላውን እየፈተሻችሁ ሩብ ሰዓት ይጫወት። ከ100 ወደ 80 ከወደቀ ሪፖርቱ ምንም ቢል አትግዙ።

ቀጥሎ መቆለፊያው። ከኩባንያ የወጣ ላፕቶፕ አንዳንዴ ከነሰንሰለቱ ይመጣል። ሲከፈት ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቡ፤ ፓስዎርድ ከጠየቀ ተዉት። ቲንክፓድ ላይ ይቺን ፓስዎርድ ማስነሳት ትልቅ ጣጣ ነው። ሌላው የማይታየው ነው። ዊንዶውስ ከአዲስ ሲጫን ኢንተርኔት ካገኘ የድሮውን ኩባንያ ስም አውጥቶ «በመሥሪያ ቤትህ ኢሜይል ግባ» የሚል አለ። ሻጮች ያለ ኢንተርኔት ጭነው ያልፉታል። እናንተ ከሁለት ወር በኋላ ፎርማት ስታደርጉት ይመጣል። ሻጩ ፊታችሁ «ሪሴት» ያድርገው፤ ሲነሳ ከስልካችሁ ሆትስፖት ጋር አገናኙት። ጊዜ ይወስዳል፤ ቡና እዘዙ።

ኪቦርዱን ኖትፓድ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ፊደል ንኩ። ከጀርመን የመጣ ከሆነ ዋይና ዜድ ቦታ ተቀያይረዋል። ለፓወር ግዕዝ ጸሐፊ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ «የ» ብላችሁ ስትነኩ «ዘ» ይወጣል። ከዱባይ የመጣው ዐረብኛ ፊደል ተደርቦበታል፤ እሱ አያስቸግርም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍላሽ ክፈቱ፤ የኤስኤስዲውን ጤና በመቶኛ ይነግራችኋል። ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ሁሉንም የዩኤስቢ ቀዳዳ ሞክሩ። ስክሪኑን በአንድ እጅ ክፈቱ፤ ከላላ ወይም ከተንቋቋ ማጠፊያው ደክሟል። ቻርጀሩን በእጃችሁ መዝኑት። ኦርጅናሉ ከበድ ይላል፤ ኮፒው እንደ ባዶ ሳሙና ሳጥን ይቀላል።

ከአዲስ አበባ ወይስ ከዚሁ?

መገናኛ ይረክሳል፤ ምርጫውም ብዙ ነው። እውነት ነው። ግን ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሦስት ወር ዋስትና ሲሰጧችሁ ዋስትናው ያለው መገናኛ፣ ላፕቶፑ ያለው አዘዞ ይሆናል። ለማስመለስ ሰው መፈለግ፣ መላክ፣ መደወል ነው። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ እዚሁ ፒያሳ ወይም ማራኪ አካባቢ፣ ነገ ሄጄ በሩ ላይ ልቆም ከምችለው ሰው እገዛለሁ። ዋስትናውን በወረቀት ላይ አስጽፉ፤ «እኔ አለሁ» የሚለው ቃል ማኅተም የለውም።

በመጨረሻ ልቤ ቲ480 ላይ፣ ኪሴ ግን ቲ480ም 840 ጂ5ም ላይ ነበር። ወደዚያው ወደ ጠጋኙ ተመለስኩ። «አንተ ብትሆን የቱን ትገዛ ነበር?» አልኩት። አልመለሰልኝም። የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳበው። ሦስት የ840 ኪቦርድ፣ ሁለት ባትሪ፣ አንድ ፋን። «የቲንክፓዱንስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አስመጣልሃለሁ፣ ጋሼ» አለኝ። እኔም ገባኝ።

840 ጂ5 ገዛሁ። አይ5-8350ዩ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ኤስኤስዲ፤ ስክሪኑ ከጎን የሚታየው ዓይነት። ባትሪው 84 በመቶ ነው። ሌላ 8 ጊጋ ራም በማግስቱ ጨመርኩበት፤ ጠጋኙ ክዳኑን ከፍቶ ለመዝጋት ቡናዬን አላስጨረሰኝም። የድሮው ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ከእሳቱ ተርፏል። በርካሽ የዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ ስናስገባው የባለቤቴ ምዕራፍ ሦስት ከነሠንጠረዡ ወጣ፤ አሁን የፋይል መጠባበቂያችን ሆኗል። ከላፕቶፑ ጋር ስታብላይዘር ገዛሁ። ዊንዶውስ ላይ ሆትስፖቱን «ሚተርድ» አደረግሁት፤ አለበለዚያ አፕዴቱ የወሩን ፓኬጅ በአንድ ሌሊት ይጠርጋል።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ መብራት ሄደ። ባለቤቴ ቀና ሳትል መጻፏን ቀጠለች። ልጃችን ግን ከክፍሏ ሮጣ መጥታ ቻርጀሩን ከግድግዳው ነቀለችው።